ጂያውዚ፦ የውሃ ሥራ

በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ ግዛት፣ ቱርፓን ከተባለችው የበረሃ ከተማ አጠገብ አስታና የሚባል ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ አለ። አርኪዮሎጂስቶች ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (618–907) መቃብሮች ውስጥ ጂያውዚ አግኝተውበታል። ከ1,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ዛሬ ቻይና ውስጥ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከሚሠራው በቅርጹ ብዙም አይለይም፤ ግማሽ ጨረቃ መስሎ ጠርዙ ተቆንጥጦ ተገጥሟል። ሳይበሰብስ ያቆየው የበረሃው ድርቀት ነው፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይሠሩምና።

ጂያውዚ ወጥ ቤት ውስጥም የሚሰምረውና የሚበላሸው በውሃ ነው። ሊጡ የሚጠጣው፣ ሥጋው የሚይዘው፣ ጎመኑ የሚለቀው፣ ድስቱ ውስጥ የሚፈላው፣ መጥበሻው ላይ የሚተነው፣ ሁሉም የየራሱ ሕግ አለው። ሕጉን የተረዳ ሰው መለኪያው ቢዛነፍበት እንኳ ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

ሊጡ

ለ40 ያህል ጂያውዚ 300 ግራም የስንዴ ዱቄትና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ከዳቦ ሊጥ ደረቅ ያለ ነው፤ እርሾ የለውም። ስንዴ ውስጥ ግሉተኒንና ግላያዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ውሃ አግኝተው ሲታሹ እርስ በርስ ይያያዙና ግሉተን የተባለውን መረብ ይሠራሉ። ግሉተኒን ለሊጡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ሲሳብም ወደ ነበረበት እንዲመለስ ያደርገዋል፤ ግላያዲን ደግሞ እንዲለጠጥ ያስችለዋል። ገና እንደታሸ መረቡ የተወጠረ ስለሆነ ሊጡ በመዳመጫ ሲዳመጥ ተመልሶ ይሰበሰባል። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ግን ውሃው ለዱቄቱ ሁሉ ይዳረሳል፣ ውጥረቱም ይረግባል። ያኔ ያለ ብዙ ትግል ይሳሳል።

የውሃው ሙቀት የሚመረጠው እንደ አበሳሰሉ ነው። ለሚቀቀል ጂያውዚ ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል፤ ጠንካራው ግሉተን የድስቱን መናጥ ይቋቋማል። በእንፋሎት ለሚበስል ወይም ለሚጠበስ ግን ብዙዎች ትኩስ ውሃ ይጠቀማሉ። ከፍተኛ ሙቀት ፕሮቲኖቹን ስለሚለውጣቸው ጥብቅ መረብ መሥራት ያቅታቸዋል፤ የስንዴው ስታርችም ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ውሃ እየጠጣ ያብጣል። የሚገኘው ሊጥ ለስላሳና ታዛዥ ነው፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ቶሎ ይልፈሰፈሳል።

ሲዳመጥ መሐሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይላል። ዳርና ዳሩ ተደርቦ ስለሚገጠም ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ካልሳሳ መሐሉ በስሎ ጠርዙ ጥሬ ይቀራል።

መሙያው

በሰሜን ቻይና የተለመደው መሙያ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ከቻይና ጎመን ጋር ነው። ከ400 ግራም ሥጋ ሲሶው ያህል ስብ ቢሆን ይመረጣል። ሥጋው መጀመሪያ ጨውና አኩሪ አተር ሶስ ተጨምሮበት በደንብ ይማሰላል። ጨው ማዮሲን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን እያሟሟ ያወጣዋል፤ ማዮሲኑ እንደ ሙጫ ሥጋውን ያያይዛል፣ ውሃና ስብ ይይዛል፣ በሙቀት ደግሞ ይረጋል። ቻይናውያን ወጥ ሠሪዎች ሥጋውን ውሃ የሚያጠጡት ይህን በልምድ ስላወቁ ነው። 80 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ሾርባ ወይም ዝንጅብል የተዘፈዘፈበት ውሃ በማንኪያ ይጨመራል፤ ሥጋው እስኪጠጣው ይማሰላል፤ ከዚያ ሌላ ማንኪያ ይከተላል። ሥጋው ተጣብቆ በአንድነት ሲዞር ደርሷል። ሲነከስ ከውስጡ የሚፈስሰው መረቅ ከዚህ የመጣ ነው።

«ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አማስል» የሚል የቆየ ምክር አለ። ለውጡን የሚያመጣው ግን የማማሰሉ ብዛት እንጂ አቅጣጫው አይደለም። ከአቅጣጫው ይልቅ ቅዝቃዜው ያሳስባል፤ ሥጋው ከሞቀ ስቡ ቀልጦ ይለያያልና።

ጎመኑ በተቃራኒው ውሃውን መልቀቅ አለበት። የቻይና ጎመን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ተከትፎ ጨው ሲነሰነስበት ውሃው በኦስሞሲስ ከሕዋሳቱ ወደ ጨዋማው ውጭ ይወጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ በእጅ ይጨመቃል፤ የቀረው በሰሊጥ ዘይት ይታሻል። ዘይቱ ቅጠሉን ስለሚሸፍነው ከሥጋው ጨው ጋር ቶሎ አይገናኝም። ይህ ካልተደረገ ውሃው ሊጡን አርሶ ይቀድደዋል።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ቻይና ውስጥም ሌላ መንገድ አለ፤ የሁዊ ሙስሊሞች ጂያውዚን በበግና በበሬ ሥጋ ይሠራሉ። ማዮሲን በሁሉም ሥጋ ስላለ አሠራሩ አይለወጥም። የሚለየው ስቡ ነው። የአሳማ ስብ ለሰውነታችን ሙቀት በቀረበ ደረጃ ይለሰልሳል፤ የበሬ ስብ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የበግ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ የበግ ጂያውዚ በትኩሱ ካልተበላ ስቡ ላንቃ ላይ ይረጋል። ቀይ የበሬ ሥጋ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ማከልም ይረዳል።

ድስቱና መጥበሻው

ጥሬ ጂያውዚ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ ወዲያው በማንኪያ ጀርባ ካልተነካካ ታች ይጣበቃል። ሲሞቅ ውስጡ የታመቀው አየር ይሰፋል፣ እንፋሎትም ይጨመርበታል። ክብደቱ ሳይለወጥ ይዘቱ ስለሚጨምር በአርኪሜዲስ ሕግ ይንሳፈፋል። መንሳፈፉ የአየሩ ወሬ ነው፤ ሥጋው መብሰሉን አያረጋግጥም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለተፈጨ የአሳማም ሆነ የበሬ ሥጋ የሚመክረው የውስጥ ሙቀት 71 ዲግሪ ነው።

ቻይናውያን ውሃው በፈላ ቁጥር አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምራሉ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። ቀዝቃዛው ውሃ መንተክተኩን ስለሚያበርድ ሊጡ አይቀደድም፤ ሙቀቱ ደግሞ በዚህ መሐል ወደ ሥጋው መግባቱን አያቆምም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ማብዛት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ለቤጂንግ ተብሎ የተጻፈ «አምስት ደቂቃ» እዚህ ስለማይበቃ አንዱን ቆርሶ ማየት ያስፈልጋል።

የሚጠበሰው ጉዎቲዬ ይባላል። መጥበሻው ላይ ዘይት ይሞቃል፤ ጂያውዚው በሆዱ ይደረደራል፤ ሩብ ብርጭቆ ያህል ውሃ ፈስሶበት ይከደናል። ውሃው እስካለ ድረስ የመጥበሻው ሙቀት ከውሃው መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም፤ የሚሠራው እንፋሎቱ ነው። ውሃው ሲያልቅ የተንጫጫው ድምፅ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ታችኛው ገጽም ይቀላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የአሚኖ አሲዶችና የስኳር መዋሐድ ይህ ነው፤ ለተቆላ ቡናም መዓዛና ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው።

ማጥቀሻው

ቀላሉ ማጥቀሻ ሁለት ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ፣ ሁለት ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ትንሽ የሰሊጥ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተለቀቀ ሚጥሚጣ ነው። አኩሪ አተር ሶስ ሲሠራ ሻጋታ የአተሩን ፕሮቲን ስለሚሰባብረው ግሉታሜት በብዛት ይገኝበታል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ የሰየመው ጣዕም ምንጭ ግሉታሜት ነው። ሥጋ ደግሞ ኢኖሲኔት የተባለ ውሕድ አለው። ሁለቱ ምላስ ላይ ባለው ተቀባይ ሲገናኙ ኡማሚው ከሁለቱ ድምር በላይ ይጎላል። ሥጋው ብቻውን ቢቀመስ የጎደለው የሚመስለው፣ ሲጠቀስ የሚሞላው ለዚህ ነው።

ኮምጣጤው ቻይና ውስጥ በሻንሺ ግዛት በዋናነት ከማሽላ፣ በዠንጂያንግ ከተማ ከሚጣበቅ ሩዝ ይሠራል። አሲዱ ምራቅ ስለሚያስወጣ የስቡ ክብደት አይሰማም። ሚጥሚጣው በዘይት የሚለቀቀው ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ነው።

ተጨማሪ ለማስቀመጥ ጥሬ ጂያውዚ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካካ ወደ ፍሪዘር ይገባል፤ ሲጠነክር በላስቲክ ይታሸጋል። ከማብሰል በፊት ማቅለጥ አያስፈልግም፤ እየቀለጠ የሚወጣው ውሃ ሊጡን አልፈስፍሶ ያጣብቀዋል። ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ፈላ ውሃ፣ የድስቱ ሙቀት እንዳይወድቅም ጥቂት በጥቂት። ፍሪዘር ካልገባው ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጨመርለት፤ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ።