በበይነ መረብ የመማር ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

የሚከተለው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። የሚነጻጸሩትን ዘዴዎችና ለማነጻጸሪያ የተመረጠውን መለኪያ እየለያችሁ በጥሞና አንብቡ።

ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ነገሮችን ለማነጻጸር የሚነሣ ሰው በቅድሚያ መለኪያውን መምረጥ ይኖርበታል። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ እህልን በክንድ ልለካ የሚል ግን የለም። በዘመናችን ስለ ተስፋፋው በበይነ መረብ የመማር ዘዴ የሚነገረው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ርካሽነቱን፣ ሌላው ፍጥነቱን፣ ሦስተኛው የመሣሪያውን ዘመናዊነት እያነሣ ስለሚከራከር፣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንይዘው መለኪያ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም ተማሪው ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ጥያቄው ለማን ይደርሳል? መልሱስ ከስንት ጊዜ በኋላ ይመለሳል? የሚል ነው።

መምህርና ተማሪ ተራርቀው መማማራቸው በኢንተርኔት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን የአጭር ጽሕፈት ትምህርት በፖስታ መስጠት ጀመረ። ተማሪዎቹ መልመጃቸውን ይልኩለታል፤ እርሱም አርሞ ይመልስላቸው ነበር። ጥያቄው ከመምህሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ነገር ግን መልሱ እስኪመለስ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። በአገራችን የተልእኮ ትምህርት በመባል የታወቀውም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ራዲዮና ቴሌቪዥን ትምህርቱን በአንድ ቅጽበት ለብዙ ሺህ ተማሪዎች ማድረስ ቻሉ፤ የተማሪውን ድምፅ ግን ወደ መምህሩ መመለስ አልቻሉም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰጥ የነበረውና «ፕላዝማ» በመባል የታወቀው ትምህርት ነው። በክፍሉ ውስጥ ለቆመው መምህር የሚተርፉት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየው መምህር ግን ተማሪው ገባውም አልገባውም ወደሚቀጥለው ነጥብ ይሻገራል፤ እጅ ቢነሣ አያይም፤ ቆይ ቢሉት አይሰማም።

ኢንተርኔት ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ተስፋው ምን ያህል እንደሚፈጸም የሚወሰነው ግን በመሣሪያው ሳይሆን በአጠቃቀሙ ነው። በበይነ መረብ የመማር ዘዴዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የቀጥታ ትምህርት ነው። መምህሩና ተማሪዎቹ በየቤታቸው ሆነው፣ እንደ ዙም ባለ መገናኛ አማካይነት በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። በመለኪያችን ሲታይ ይህ ዘዴ ከሁሉም ይበልጣል፤ ተማሪው በጠየቀበት ደቂቃ መልሱን ያገኛልና። ሆኖም ሁሉም በአንድ ሰዓት መገኘት አለባቸው። በአዲስ አበባ የሚኖር መምህር በዋሽንግተን ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ ሊያስተምር ቢያስብ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲቀመጡ፣ በመምህሩ አገር እንደየወቅቱ ከሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ይሆናል። ከዚህም በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ከጽሑፍም ሆነ ከድምፅ ይልቅ ብዙ የኢንተርኔት ጥቅል ይጨርሳል። መስመሩ ለ3 ደቂቃ ቢቋረጥ የ3 ደቂቃው ማብራሪያ አመለጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው የተቀረጸ ትምህርት ነው። መምህሩ ትምህርቱን አንድ ጊዜ ይቀርጻል፤ ተማሪው ደግሞ በተመቸው ሰዓት ይከፍተዋል። የዚህን ዘዴ ጥቅም ከሳልማን ካን ታሪክ መረዳት ይቻላል። ካን እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን ሆኖ፣ በኒው ኦርሊንስ ትኖር የነበረች አንዲት ታዳጊ ዘመዱን በስልክና በኮምፒዩተር ሒሳብ ያስጠና ነበር። ሌሎች ዘመዶቹም ሲጨመሩበት፣ በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ በዩቲዩብ ማስቀመጥ ጀመረ። በኋላ እንደ ተናገረው ዘመዶቹ ከራሱ ይልቅ የተቀረጸውን መረጡ። ምክንያቱም ያልገባቸውን ሳያፍሩ፣ የማንንም ጊዜ እናባክናለን ብለው ሳይሳቀቁ፣ ደጋግመው ማየት ይችሉ ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ የተቀረጸ ትምህርት ዐሥር ጊዜ ቢደገም ዐሥር ጊዜ ያንኑ ቃል ይናገራል። ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው የሚቀበለው የለም፤ ቢሰንፍም የሚቆጣው የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጁትን ትምህርት ለዓለም በነጻ ሲከፍቱ 160,000 ያህል ሰዎች ተመዘገቡ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግን 23,000 ያህል፣ ማለትም ከ7 ሰዎች 1 ብቻ ነበሩ። ለመቅመስ ያህል የተመዘገቡ እንደሚኖሩ ባይካድም፣ ቁጥሩ ብቻውን መማር ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ያመለክታል።

ሦስተኛው ሁለቱን የሚያጣምረው ቅይጥ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን መቅረጽ ጀመሩ። ከዚያም ማብራሪያውን ሁሉም ተማሪ በቤቱ እንዲመለከት፣ የክፍሉ ጊዜ ደግሞ ለጥያቄና ለመልመጃ እንዲውል አደረጉ። በዚህ ዘዴ ተማሪው ማብራሪያውን በራሱ ፍጥነት ይከታተላል፤ ጥያቄውንም መልስ ለሚሰጠው ሰው ያደርሳል። ጉዳቱ የመምህሩን ድካም እጥፍ ማድረጉና ተማሪው ሳይዘጋጅ ከመጣ የጥያቄው ሰዓት በከንቱ ማለፉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነጻጸርነው መሣሪያውና መስመሩ ለሁሉም እኩል እንደ ደረሰ ቆጥረን ነው። እውነቱ ግን እንዲህ እንዳልሆነ የኮሮና ወረርሽኝ በግልጽ አሳይቷል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በከተሞች የሚገኙ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። በራዲዮና በቴሌቪዥንም ትምህርት ይሰራጭ ነበር። ዘመናዊ ስልክ የነበረው ተማሪ ጥያቄውን ጽፎ ልኮ ምሽት ላይ መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። ራዲዮ ብቻ የነበረው ሰማ፤ መጠየቅ ግን አልቻለም። መብራት በሌለበት መንደር፣ ራዲዮም በሌለበት ቤት የሚኖረው ደግሞ ትምህርቱም አልደረሰው፤ ጥያቄውም ከልቡ አልወጣ። ስለዚህ ዘዴን መምረጥ ማለት ከበሩ ውጭ የሚቀረውን ተማሪም መምረጥ ነው። ለሁሉም የማይደርስ የቀጥታ ትምህርት፣ ለሁሉም ከሚደርስና መምህሩ በየሳምንቱ አርሞ ከሚመልሰው የታተመ መልመጃ የሚበልጠው ለጥቂቶች ብቻ ነው።

ከዚህ ንጽጽር የምንረዳው አንዱ ዘዴ በሁሉም ቦታና ለሁሉም ሰው የተሻለ አለመሆኑን ነው። ጠንካራ መስመርና አመቺ ሰዓት ላለው የቀጥታው፣ መስመሩ ለሚቆራረጥበትና ጽናት ላለው የተቀረጸው፣ መምህሩን በየጊዜው ለሚያገኝ ደግሞ ቅይጡ ይስማማዋል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ አዲስ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ተማሪ አያሰኝም። በየትኛውም ዘዴ ብትማሩ ያልገባችሁን ነጥብ ወዲያው በደብተራችሁ ጻፉ፤ ጥያቄያችሁን የሚቀበል ሰው፣ መምህር ቢሆን ጓደኛ፣ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ያልተጠየቀ ጥያቄ በፖስታም ሆነ በሳተላይት መልስ አያመጣምና።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ሦስቱን ዘዴዎች ለማነጻጸር ያገለገለው መለኪያ ምንድን ነው? ከመጨረሻው በፊት ባለው አንቀጽ ይህ መለኪያ ምን ተጨመረበት?

2. «ይልቅ»፣ «በአንጻሩ» እና «ነገር ግን» የተባሉት ቃላትና ሐረግ የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ ምንን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩ አስረዱ።

3. እናንተ የምታውቋቸውን ሁለት የአጠናን ዘዴዎች መርጣችሁና አንድ መለኪያ ወስናችሁ፣ በሦስት አንቀጽ አነጻጽራችሁ ጻፉ።