የጎንደር አቋቋም

አቋቋም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በማኅሌት ቆመው ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚያስኬዱበት ሥርዓት፣ ራሱን የቻለም የአብነት ትምህርት ነው። ማስመስከሪያው፣ ማለትም ተማሪው በመምህርነት የሚመሰከርለት ቦታ፣ በጎንደር የሚገኘው የበዓታ ደብር ነው። ሌሎቹ የዜማ ትምህርቶች፣ ድጓ በቤተልሔም ደብር፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ ደብር እንደሚመሰከሩ ሁሉ፣ የአቋቋም ተማሪም በሌላ ደብር ቢማር እንኳ መምህር ለመባል በዓታ ገብቶ ማስመስከሩ የቆየ ልማድ ነው።

የዜማው መነሻ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እስኪፈስ ድረስ ሁለቱም አልተሰማቸውም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ያሬድ ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድን መረጠ። ዕረፍቱም በዚያው በደጋው ምድር እንደሆነ ይነገራል።

ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌት ሁለት ወገን ሆነው ትይዩ ይቆማሉ፤ አንዱን ወገን ቀኝ ጌታ፣ ሌላውን ግራ ጌታ ይመራዋል። ማኅሌቱ ሌሊት ተጀምሮ ለሰዓታት ስለሚዘልቅ መቋሚያው ከሁሉ በፊት መደገፊያ ነው። ረጅም ዘንግ ሆኖ ራሱ ላይ አግድም መያዣ አለው። መያዣው ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከብረት ይሠራል፤ ማኅሌት የሚቆመው ሊቅ መቋሚያውን በብብቱ ሥር አድርጎ ሰውነቱን ያሳርፍበታል።

ሥርዓቱ የሚጀምረው በቁም ዜማ ነው። በዚህ ጊዜ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ አካልም አይንቀሳቀስም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ያው ቃል ተመልሶ በዝማሜ ይባላል። አሁን መቋሚያው ከመደገፊያነት ወደ ዜማ መሣሪያነት ይለወጣል። ሁሉም በአንድነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስኬዱታል፤ አካልም አብሮ ይዘማል። የአቋቋም ሙያ በእርግጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተት የሚሸፍን ከበሮ ስለሌለ ከጓደኞቹ ግማሽ እርምጃ የዘገየ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ተማሪውም ከመጽሐፍ ሳይሆን መምህሩን እያየ፣ አብሮ እየዘመመ ነው የሚለምደው።

ቀጥሎ መረግድ ይመጣል። ቀኝ እጅ ጸናጽሉን ይይዛል፣ መቋሚያው ወደ ትከሻ ይደገፋል። በንዑስ መረግድ ከበሮው በዝግታ ይመታል፤ በዐቢይ መረግድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከበሮ መቺው ከበሮውን በማንገቻ አንግቶ ሲነሣ፣ በአንድ ጎኑ ያለው ሰፊው ገጽ ወፍራም፣ በሌላው ያለው ጠባቡ ገጽ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉ ፈጣኑ ጽፋት ነው፤ ጭብጨባ የሚገባውም በዚሁ ነው። በእነዚሁ መሣሪያዎች ታጅቦ የሚቀርበው ወረብ ደግሞ በበዓላት ብዙ ሰው የሚያውቀውና የሚወደው ክፍል ነው።

የአቋቋም ስልት አንድ ብቻ አይደለም፤ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ ተብሎ ይለያል። ልዩነቱ በዜማው አካሄድና በእንቅስቃሴው ላይ ስለሆነ ለእንግዳ ጆሮና ዓይን በቀላሉ አይለይም።

ጥር 11 በጎንደር የጥምቀትን በዓል የሚያከብር ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በከበሮው ላይ ነው። አቋቋምን ከሥሩ ማየት የሚሻ ግን ከበሮ ሳይነሣ፣ ሌሊት ቁም ዜማው ሲጀመር ቢደርስ ይሻለዋል።