በጀርመን ለትምህርት የሚሄዱ ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ኢትዮጵያውያን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን መጓዝ ከጀመሩ ረጅም ዘመን ተቆጥሯል። በደርግ ዘመን ወደ ቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት መካከል በርካቶች የቋንቋውን ትምህርት የጀመሩት በላይፕሲግ ከተማ በነበረው የሄርደር ተቋም ነው። ዛሬም እ.ኤ.አ በ1409 የተመሠረተው የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተናግዳል።

የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዲ.ኤ.ኤ.ዲ) በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ባለሙያዎች ከሚሰጣቸው የድኅረ ምረቃ ዕድሎች መካከል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቁ አሉ። በመሆኑም ዕድሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይመለከታል። የትምህርት ፈቃዱ በጊዜ የተወሰነ ለሆነ ሠራተኛ አንድ ሴሚስተር መባከኑ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለብክነቱ ምክንያት የሚሆነው የትምህርቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መፈጸም ያለባቸው ጉዳዮች ቅደም ተከተል መዛባትም ነው።

የሁሉም መነሻ መኖሪያ ቤት ነው። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። አሠራሩ በእኛ አገር በቀበሌ ከሚደረገው የነዋሪነት ምዝገባ ጋር ይቀራረባል። ለምዝገባው አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል ብቻውን አይበቃም። ባንኮች ሂሳብ ለመክፈት አብዛኛውን ጊዜ የምዝገባውን ማስረጃ የሚጠይቁ ሲሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አድራሻው እንዲረጋገጥለት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ሳይዝ የተጓዘ ተማሪ ሌሎቹም ጉዳዮች ይጓተቱበታል። የተማሪዎች መኖሪያ ማመልከቻ የቅበላ ደብዳቤው እንደደረሰ ወዲያውኑ ሊቀርብ ይገባል። በግል ለሚከራይ ሰው የሚጠየቀው የዋስትና ገንዘብ በሕግ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የተማሪውን ስም በፖስታ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ስሙ ከሌለ ቀጠሮና የጊዜ ገደብ የያዘ የመንግሥት ደብዳቤ ሳይደርሰው ሊመለስ ይችላል።

በራሱ ወጪ የሚማር ሰው ከቪዛው በፊት ገንዘብ በዝግ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። መጠኑ እ.ኤ.አ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ እንዲሆን ተወስኗል፤ ይህም በወር 992 ዩሮ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውም የመግቢያ ቪዛው ከማብቃቱ በፊት መቅረብ አለበት። ቀጠሮ ለማግኘት ብዙ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የጤና መድን ማረጋገጫ የሌለው ተማሪ አይመዘገብም። በሕዝባዊው መድን ለተማሪ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ 30 ዓመት ለሞላቸው ስለማይሠራ፣ በሥራ ላይ ቆይተው የሚሄዱ ሠራተኞች ጉዳዩን ከጉዞ በፊት ማጣራት ይኖርባቸዋል። በሌላ በኩል የግል መድን የመረጠ ወጣት ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ወደ ሕዝባዊው የተማሪ መድን መመለስ አይችልም።

ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከቱ ሁለት ነጥቦችም አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። በጀርመን የቤተሰብ ስም የሚመዘገበው በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ነው። ስለዚህ የባል፣ የሚስትና የልጆች ስም የተለያየ ሆኖ ሲታይ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ቀንና ሰዓት ነው። የልደት ቀን በሁሉም ሰነዶች ላይ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። የቀጠሮ ወረቀት ላይ 9 ሰዓት የተባለውም በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ነው።

የክረምቱ ሴሚስተር በይፋ የሚጀምረው እ.ኤ.አ ጥቅምት 1 ቢሆንም፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ የሚከፈተው በዚያው ወር አጋማሽ ገደማ ነው። የመካከሉ ጊዜ ለምዝገባና ለቤት ጉዳይ ሊውል ይችላል። ለፈተና ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ ምዝገባ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ቀኑ ያለፈበት ተማሪ ትምህርቱን በሚገባ ቢከታተልም ሳይፈተን ሊቀር ይችላል። የትርፍ ጊዜ ሥራን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ ከመጋቢት 2024 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀናት ወይም 280 ግማሽ ቀናት እንዲሠራ ተፈቅዷል።

ከሰው ጋር በሚኖር ግንኙነት የአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ነገር አይቸገርም። በጀርመንኛም «አንተ» እና «እርስዎ» ተለይተው ይነገራሉ፤ በመሥሪያ ቤትና በመምህራን ዘንድ የአክብሮቱ አነጋገር ይጠበቃል። ሱቆች በአብዛኛው እሑድ ዝግ በመሆናቸው አስቤዛ ቅዳሜ ይገዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤትን የሚረብሽ ድምፅ አይወደድም። ቆሻሻም በዓይነቱ ተለይቶ ይጣላል።

ለትምህርት የሚጓዝ ሠራተኛ እነዚህን ጉዳዮች በቅደም ተከተል ከፈጸመ ትምህርቱ ሲከፈት ሙሉ ሐሳቡን ለተላከበት ዓላማ ማዋል ይችላል። ሠራተኛ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም የትምህርት ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ሲወስኑ ከትምህርቱ መክፈቻ በፊት ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆኑ ጥቂት ሳምንታትን ቢያስቡበት፣ ሠራተኛው በተወሰነለት ጊዜ አጠናቆ እንዲመለስ ያግዘዋል።