ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ርስትና ስለ ድርሻ

ጥሪቱን ቤት ሠርቶ ያከራይበት እንደሆነ ወይም አክሲዮን ይገዛበት እንደሆነ የሚያመነታ ሰው፣ ቤትና መሬትን እንደ ሥጋ ዘመድ፣ አክሲዮንን ግን ትናንት ከባሕር ማዶ እንደ መጣ እንግዳ አድርጎ ያያል። ይህን አሳብ ለማቃናት አንባቢዬን ወደ ባንክ ሳይሆን፣ በመንዝ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ወደ ተዘረጋው ወደ ጓሳ ልወስደው እወዳለሁ።

ጓሳ ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበትና ገመድ ከሚገመድበት ሣር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የተወለደ ሁሉ በዚህ አጽመ ርስት ላይ መብት ነበረው፤ ሆኖም አንድም ሰው ተነሥቶ «ይህች የኔ ናት» ብሎ ሊያጥራት፣ ለባዕድም ሊሸጣት አይቻለውም ነበር። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ምድሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ዘግተው ያቆዩና፣ ሣሩ ሲጎለምስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር፤ ባለ መብቱም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ 5 በሐዋርያት በዓል፣ ምድሩ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። እንግዲህ ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ጓሳ በባሕርዩ መሬት ሲሆን በሥርዓቱ አክሲዮን ነበር፤ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ ይከፈል ነበርና፣ የሚከፈልበትንም ጊዜ ይወስኑ የነበሩት ጠባቂዎቹ እንጂ የቸኮለው ባለ ድርሻ አልነበረምና።

«መሬት አይከዳም» የሚለው አንባቢ ደግሞ 1967 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ በታኅሣሥ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ በየካቲት 25 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፤ የጓሳም ጥንታዊ ሥርዓት በየካቲቱ ዐዋጅ ፈረሰ። ወረቀት የያዘውም ትርፍ ግንብ የገነባውም እኩል ተነጠቀ።

ዛሬም ቢሆን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ ቤት የሚሠራ ሰው የያዘው ግድግዳውንና የሊዝ ዘመኑን ነው፤ ይኸውም በዐዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ያም ሆኖ ቤት ትልቅ ጸጋ አለው፤ የብር ዋጋ ሲወርድ እርሱ ብዙውን ጊዜ ይወጣል፤ ልጆችም ይጠለሉበታል። ክፋቱ አለመከፈሉ ነው። ሕመምተኛ ያለበት አባወራ ለመድኃኒት ብሎ አንዱን ማእዘን ለይቶ መሸጥ አይችልም። አክሲዮን ግን ይከፈላል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን ነበር፤ ይህም 9,900 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ መሐል ሜዳ ላይ የአንድ ክፍል ጣራ እንኳ በወጉ አይከደንም።

ነገር ግን ገበያው ገና ሕፃን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው፤ ስለዚህ ድርሻውን በቸገረው ቀን መሸጥ የሚሻ ሰው ገዢ ሊዘገይበት ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሚኖርበት ቤት የሌለው ሰው አስቀድሞ ጎጆውን ያብጅ፤ ጎጆ ያለውና ጥቂት የተረፈው ግን ሁለተኛ ቤት እጀምራለሁ ብሎ በብድር ከሚታነቅ፣ ለዓመታት ሊተወው የሚችለውን ያህል አክሲዮን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ከመግዛቱም በፊት የኦዲተሩን መግለጫ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ፤ ከገዛም በኋላ የመንዝ አባቶች የጓሳውን አለቃ ለመምረጥ ይሰበሰቡ እንደ ነበር፣ እርሱም ከጠቅላላ ጉባኤው አይቅር።