ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ስለ ኋላ ባሌስትራ አመራረጥ

በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ተሳቢ በገዛ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የመኪናውን የኋላ ባሌስትራ ማጠንከር ነው። ሾፌሩም ይህንኑ ይመክረዋል፤ የጋራዡም ባለቤት አይቃወምም። ሁለት ወይም ሦስት ብረት ይጨመራል፤ መኪናው ከኋላው ከፍ ይላል፤ ባለንብረቱም ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተሳቢው በመኪናው ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ምን ያህል ነው? የሚለው ነው። መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ ነው። ባሌስትራ የሚሸከም እንጂ የሚጎትት ዕቃ አይደለም።

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያም የሚጠራበት ስም ነው። የዕቃውን ጠባይ ለተመለከተ ስሙ የሚስማማው ነው፤ ጎብጦ ይቀመጣል፤ ሸክም ሲያርፍበት ይለጠጣል፤ ሸክሙ ሲነሣለት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ ተሳቢ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በጅቡቲ መንገድ ዘወትር የሚታየው፣ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ ያለውና በመጎተቻ ብረት ከመኪናው ጋንቾ ጋር የሚያያዘው ተሳቢ፣ ጭነቱን የሚሸከመው በራሱ ጎማዎች ነው። በሚጎትተው መኪና ላይ የሚያሳርፈው ከመጎተቻው ብረት ክብደት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ስለዚህ ዓይነቱ ተሳቢ ሲባል በመኪናው ባሌስትራ ላይ ብረት መጨመር ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው። መኪናው ከኋላው የወረደ እንደ ሆነ ምክንያቱ በራሱ ላይ የተጫነው ጭነት ወይም የደከመው ባሌስትራ ነው እንጂ ተሳቢው አይደለም። ተሳቢው የሚፈትነው ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ጋንቾውንና ሻንሲውን ነው። ነጋዴው ገንዘብ ካለው በእነዚህ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

የፊት ጎማ የሌለውና ግማሽ አካሉ በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ የሚያርፈው ረጅም ተሳቢ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጭነቱ ከፍተኛ ክፍል በጎታቹ የኋላ አክስል ላይ ስለሚወድቅ ባሌስትራው ፋብሪካው ለዚያ አክስል በወሰነው ክብደት መጠን መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛው ዓይነት በፒክ አፕ ወይም በትንሽ የጭነት መኪና የሚጎተተው ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ነው። የዚህ ተሳቢ ጭነት በትክክል የተደለደለ እንደ ሆነ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ ያርፋል። ለምሳሌ ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 200 ኪሎ በጋንቾው ላይ ቢያሳርፍ፣ በመኪናው የፊትና የኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር፣ ጋንቾው ደግሞ ከኋላው አክስል 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ የወጣ ቢሆን፣ የኋላው አክስል የሚቀበለው 200 ኪሎ ሳይሆን 280 ኪሎ ነው። ትርፉ 80 ኪሎ ከፊት አክስሉ ላይ የተነሣ ነው። መሪው ቀለለ፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ መለካት ያስፈልጋል። ባዶውን መኪና በደልዳላ ስፍራ አቁሞ ከኋላው ጎማ መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በሜትር መለካት፣ ከዚያም ክብደቱ የታወቀ ዕቃ በአክስሉ አናት ላይ ጭኖ እንደገና መለካት ነው። ለምሳሌ 5 ኩንታል ስንዴ ሲጫንበት 5 ሳንቲሜትር የወረደ መኪና በ1 ኩንታል 1 ሳንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰው 280 ኪሎ 3 ሳንቲሜትር እንኳ አያወርደውም። ለዚህ ተብሎ አዲስ ባሌስትራ መግዛት አያስፈልግም፤ የተሳቢውን ጭነት አስተካክሎ መደልደል ይበቃል። ባዶ ሳለ የቀኝና የግራው ከፍታ የተለያየ መኪና ግን አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም በአንድነት መለወጥ ይገባል።

መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ ከፍታና ጥንካሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ጉብጠቱ የበዛ ባሌስትራ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የመሸከም ኃይሉን አይጨምርም። ጥንካሬ የሚገኘው ከብረቶቹ ቁጥር፣ ከስፋታቸው፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ከውፍረታቸው ነው። በ8 ብረት ላይ አንድ ተመሳሳይ ብረት ቢጨመር ጥንካሬው በ12 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ባለ 10 ሚሊሜትሩ ሁሉ በባለ 12 ሚሊሜትር ቢለወጥ ግን ጭማሪው ከ70 በመቶ ይበልጣል። ሁለት ሚሊሜትር በዓይን ስታይ ኢምንት ናት፤ በመንገድ ላይ ግን ሌላ መኪና ታደርገዋለች።

ይህም የሚያስከትለው ጉዳት አለ። ወደ ጅቡቲ ባዶውን ወይም ቀሎ ወርዶ ማዳበሪያ ጭኖ የሚመለስ መኪና፣ ባሌስትራው ከመጠን በላይ የደነደነ እንደ ሆነ የመንገዱን እኩሌታ ሲዘል ይሄዳል፤ ጎማው መሬቱን በደንብ አይጨብጥም፤ ሻንሲውም ይሰነጠቃል። ከመቂና ከባቱ ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ ነጋዴ ደግሞ ኪሳራውን የሚያየው ሣጥኑ በተከፈተ ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፍሬን ነገር ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ የኋላውን ፍሬን ኃይል የሚመጥን፣ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ መቆጣጠሪያ አለ። ይህ መቆጣጠሪያ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው ከመኪናው መውረድ ነው። ባሌስትራው ደንድኖ ወይም ጎብጦ መኪናው ካልወረደለት ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ከአሰላ ጭኖ ወደ አዳማ የሚወርድ ሾፌር ይህን በቁልቁለቱ ላይ ማወቅ የለበትም። ባሌስትራ የተለወጠለት መኪና ሁሉ መቆጣጠሪያው እንደገና ሊስተካከልለት ይገባል።

ጭኖ ለሚሄድና ባዶውን ለሚመለስ መኪና የሚስማማው ረዳት ባሌስትራ ነው። ይህ ከዋናው በላይ ይታሰርና መኪናው ባዶ ሳለ ምንም አይነካም፤ ጭነት ሲበዛ ብቻ ከማረፊያው ጋር ተገናኝቶ ሸክሙን ይካፈላል። ሆኖም ባሌስትራው ምንም ያህል ቢጠነክር የአክስሉን፣ የጎማውንና የፍሬኑን ዐቅም አያሳድግም። የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያም የሚመዝነው በአክስሉ ላይ ያረፈውን እንጂ የመኪናውን ቁመና አይደለም።

ለአስመጪዎችና ለመለዋወጫ ሻጮች አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የመኪናውን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ጽፎ ማዘዝ ብዙ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ያስቀራል። ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ርዝመት፣ ስፋቱ፣ የብረቶቹ ቁጥርና የእያንዳንዱ ውፍረት፣ የጉብጠቱ ከፍታ፣ የቦኮላው ቀዳዳ ልክ፣ የመሀሉ ቡሎን ከሁለቱ ጆሮዎች ያለው ርቀት ሁሉ ተለክቶ መጻፍ አለበት። በእሳት ግሎ በመዶሻ የተቃናውን አሮጌ ብረት ከአዲሱ ጋር አመሳስሎ መሸጥ ደንበኛን ማሳጣት ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ በእሳቱ ስለሚያጣ በጥቂት ጉዞ ተመልሶ ይለጠጣል።

አዲስ ባሌስትራ ያስገባ ባለንብረት ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ መኪናውን ወደ ጋራዡ መልሶ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ዳዶ እንደገና ያስጠብቅ፤ ብረቶቹ ተጋጥመው እስኪያርፉ ድረስ መላላታቸው አይቀርምና።