ባክቴሪያው እስኪበቅል

ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የጸናበት ሰው ጤና ተቋም ሲሄድ አክታ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ገደማ የቲቢን ዘረመል ፈልጎ ያገኛል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱንም ይለያል። ታዲያ ሳምንታት የሚፈጀው የካልቸር ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?

ዘረመል ከሞተ ባክቴሪያም ስለሚገኝ ነው። ካልቸር ላይ የሚበቅለው ግን በሕይወት ያለው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው አክታውን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በማጽዳት ነው። የአፍና የጉሮሮ ባክቴሪያዎች ቶሎ ስለሚራቡ ካልተወገዱ ምርመራውን ያበላሹታል፤ የቲቢው ባክቴሪያ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ይተርፋል። ከዚያ አክታው በሴንትሪፉጅ ይሽከረከርና ከሥር የዘቀጠው ከዕንቁላል በተዘጋጀ አረንጓዴ ምግብ ላይ ይዘራል፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ይቀመጣል። ብዙ ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ ይህኛው 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የዳቦ ፍርፋሪ የሚመስለው ሻካራ ክምችት ለዓይን የሚታየው ከ3 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በፈሳሽ ምግብ የሚሠራው ዘዴ ይፈጥናል፤ ሆኖም ባክቴሪያ የለም ለማለት 42 ቀን ይጠበቃል።

ትዕግሥቱ ዋጋ አለው። ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን ለማሳየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 በላይ ይፈልጋል፤ ለካልቸር ከ10 እስከ 100 ይበቃል። በበቀለው ላይ መድኃኒቶች እየተሞከሩ የትኛው እንደሚሠራ ይለያል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ታካሚ መዳን መጀመሩም በየወሩ በሚደረግ ካልቸር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ እምብዛም የማይገኘው ሰባተኛው የቲቢ ዝርያ የተለየውም ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ናሙና በበቀለ ባክቴሪያ ላይ በተደረገ ጥናት ነው።

ካልቸር አየሩ የሚጣራበት፣ ጥብቅ ጥንቃቄ ያለው ክፍል ስለሚፈልግ በየጤና ጣቢያው አይሠራም። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ሩቅ ይጓዛል፤ በአገራችን የፖስታ አገልግሎት ሳይቀር ይህን ሲያጓጉዝ ቆይቷል።

ከሁሉ በፊት ግን ውጤቱ በናሙናው ይወሰናል። ጠዋት አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ፣ በደንብ ተንፍሶ፣ ከደረት አስሎ የወጣ አክታ ያስፈልጋል፤ ምራቅ አይተካውም። ቲቢ በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠ ሕክምናው ካልቸሩን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ታካሚው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ውጤቱ ሲመጣ የሚገኝበትን ስልክ ለጤና ባለሙያው ትቶ መሄድ አለበት።