ድምፅ ለምን ያረጃል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድምፅ ነው።

አንድ ሽማግሌ ሲመርቁ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ይንቀጠቀጣል። የባልቴት ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ለምን ይመስላችኋል?

እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉና «እ» በሉ። ያ የሚርገበገበው ማንቁርት ይባላል። በውስጡ ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። ትንፋሽ ከሳንባ ሲወጣ ያርገበግባቸዋል። የወንድ አውታር በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻቸው ይሳሳል፣ መለጠጣቸውም ይቀንሳል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ዝገት የመሰለ ነገር ሊሆን ይችላል ይላሉ ተመራማሪዎች።

ማረሻ ዝናብ ላይ ቢያድር ይዝጋል። ድንች ተልጦ ቢቀመጥ ይጠቁራል። በሁለቱም ላይ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሥራ አለበት። ያለ ኦክስጅን አንኖርም። ነገር ግን ሰውነታችን ሲጠቀምበት እንደ እሳት ፍንጣሪ ያለ ነገር ይወጣል። ፍንጣሪው ያገኘውን ይለበልባል። ሰውነት ያጠፋዋል፤ ጎመንና ፍራፍሬም ያግዙታል። ስናረጅ ግን የማጥፋት ኃይሉ ይደክማል፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል።

ጭስ ፍንጣሪውን ያበዛዋል። እኛ ሱሉልታ ያደግነው የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደድን፣ እፍ እያልን ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትወጣ ድምፅዋ ታፍኖ ነበር የምትጠራን። ጭስ መውጫ ያለው ማድቤት ቢኖረን እንዴት በጠቀመን!

(ሰበታ መናኸሪያ «ዓለም ገና፣ ዓለም ገና» ሲሉ የሚውሉ ረዳቶችና እኛ መምህራን ድምፃችንን በጩኸት እንጎዳዋለን። እሱ ሌላ ቀን ይነገራል።)

ከምድጃ ጭስ የባሰው ሲጋራ ነው። ቡራዩ የሚኖሩ አጎቴ አጫሽ ነበሩ። ድምፃቸው ሻከረ። «እርጅና ነው» አሉን፤ እኛም አመንን። 7 ወር ዝም አልን። ሐኪም ሲያያቸው የማንቁርት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የሻከረ ድምፅ 3 ሳምንት ካለፈው፣ ሰውየው ቢያረጅም ባያረጅም፣ መታየት አለበት። ይህ ካንሰር ቶሎ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ይድናል። እኛ ዘገየን፤ የአጎቴ ማንቁርት በቀዶ ጥገና ወጣ።

አጎቴን ፊደል ያስቆጠርኳቸው ከመታመማቸው 2 ዓመት በፊት ነበር። አሁን የሚፈልጉትን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ትናንት የጻፉት «ሻሂ አምጡ» የሚል ነው።